ከአጥሩ ወዲያ ስልኩን ማን ያነሳል?

እናቴ ቤት «ጋዝ» ማለት በጠርሙስ ተገዝቶ የሚመጣ፣ ለኩራዝና ለምድጃ የሚሆን ፈሳሽ ነበር። ጋዝ ቀድቶ እጁን በደንብ ሳይታጠብ እንጀራ የነካ ልጅ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ሽታው ያሳብቅበታልና። ቡታጋዝ ወደ ሰፈራችን የገባው ቆይቶ ነው፤ እሱም ቢሆን ሲያፈተልክ በአፍንጫ ይታወቅ ስለነበር፣ ጋዝ የሚባል ነገር ሁሉ ከመቃጠሉ በፊት ራሱን በሽታ የሚያስታውቅ እየመሰለኝ አደግሁ። ዛሬ በአሜሪካ በአንድ በጋዝ የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ውስጥ የፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ወደ ተርባይኖቻችን የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በየቤቱ በሚገባው ጋዝ ላይ የምናሸተው የበሰበሰ ዕንቁላል መሰል ጠረን መርካፕታን የተባለ የድኝ ውሁድ በሰው እጅ ተጨምሮበት የሚመጣ ነው። ልማዱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 በቴክሳስ ኒው ለንደን በሚገኝ ትምህርት ቤት ሥር ሳይሸት የተጠራቀመ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካለቁ በኋላ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአገራችንን ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በትላልቆቹ የረጅም ርቀት ማስተላለፊያ ቧንቧዎች ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ጠረን አይጨመርም። ስለዚህ እኛ ዘንድ አፍንጫ ምስክር አይሆንም፤ የሚመሰክረው መሣሪያ ብቻ ነው።

ማመንጫችን ጎረቤት አለው። ከአጥሩ ወዲያ፣ በቧንቧ ተጉዞ የደከመውን ጋዝ ግፊቱን አሳድጎ ወደፊት የሚገፋ ኮምፕሬሰር ጣቢያ ቆሟል። የሁለቱ መጎራበት በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ማመንጫ ብዙ ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል፤ ከዋናው ቧንቧ በራቀ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፤ እናም መንደር ምንጭ ባለበት እንደሚመሠረት ሁሉ፣ ማመንጫም ጋዝ ባለበት ይተከላል። ባለቤቶቹ ግን ሁለት ናቸው፤ የሚቆጣጠሯቸው መሥሪያ ቤቶችም የተለያዩ ናቸው፤ የአደጋ ጊዜ ዕቅዶቻቸውም በሁለት የተለያዩ መደርደሪያዎች ላይ የተቀመጡ ሁለት ጥራዞች ናቸው።

ይህን ሁሉ እንደ ቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት በአንድ የክረምት ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከአጥሩ ወዲያ ጄት የሚነሳ የሚመስል ጩኸት ተነሳ፤ የመቆጣጠሪያ ክፍላችን መስኮት ተንቀጠቀጠ። የፈረቃ ኃላፊዬ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር የጎረቤታችንን ቁጥር አንብበው ደወሉ። ስልኩን ያነሱት ከሥራ ከተሰናበቱ ቆይተው በቤታቸው የተኙ ሰው ነበሩ። እኚያ ደግ ሰው ከእንቅልፋቸው ተነስተው ሌላ ቁጥር ፈልገው ሰጡን፤ ያም ወደ ሌላ ቁጥር መራን፤ በመጨረሻ በሌላ ግዛት ከሚገኝ መቆጣጠሪያ ክፍል አንድ ሰው አገኘን። ከመጀመሪያው ጥሪ እስከዚያ 11 ደቂቃ አልፏል፤ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አልረሳውም። የሆነውም አደጋ አልነበረም። ጣቢያው አንድ ጉድለት አይቶ ራሱን በራሱ ዘግቶ፣ በውስጡ የቀረውን ጋዝ በረጅም ጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ ለቅቆታል፤ ይህም የተሠራበት ዓላማ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ዋነኛ ክፍል የሆነው ሚቴን ከአየር ስለሚቀልል ወደ ላይ ወጥቶ ተበተነ። ያም ሆኖ በእነዚያ 11 ደቂቃዎች ውስጥ ተርባይኖቻችን ሥራቸውን አላቋረጡም ነበር።

የተርባይን ሥራ ደግሞ መተንፈስ ነው። አንድ ትልቅ የጋዝ ተርባይን በየሰከንዱ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ አየር ይስባል፤ ከየት አቅጣጫ እንደሚስብም አይመርጥም። የጎረቤት ጋዝ በዚያ ሌሊት ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በነፋስ ተገፍቶ ወደ እኛ መሳቢያ ቢመጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ስጠይቅ፣ ወደ አእምሮዬ የመጣችው የአልጄሪያዋ የወደብ ከተማ ስኪክዳ ናት።

በስኪክዳ የተፈጥሮ ጋዝን እስከ ዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚለውጥ ፋብሪካ ነበር። በጥር 19 ቀን 2004 ምሽት ከአንዱ ክፍል ተቀጣጣይ ጋዝ አፈተለከ። አጠገቡ እንፋሎት የሚያመነጭ ቦይለር ነበር፤ የቦይለሩ ማራገቢያ ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር ከውጭ ሲስብ፣ ያፈተለከውን ጋዝ አብሮ ሳበው። በምርመራው እንደተገለጸው የቦይለሩ ግፊት መውጣት ጀመረ፤ ነዳጁ ቢቀነስም ግፊቱ አልወርድ አለ፤ ምክንያቱም እሳቱን የሚመግበው በቫልቩ የሚገባው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ከአየሩ ጋር የሚገባው ጋዝም ነበር። ቦይለሩ ፈነዳ፤ ፍንዳታው ደግሞ ውጭ ተንሳፍፎ የነበረውን የጋዝ ደመና አቀጣጠለው። 27 ሰዎች ሞቱ፤ ሦስት የማምረቻ ክፍሎች ወደሙ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያስደነግጠኝ የፍንዳታው መጠን ሳይሆን፣ መቆጣጠሪያው ፊት የነበረው ሰው ትክክለኛውን ነገር እያደረገ ምንም አለመለወጡ ነው። የኃይል ማሽኑ የጎረቤቱ ጥፋት ሰለባ ብቻ አልነበረም፤ ክብሪቱም እሱ ራሱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልገልጽ ማለፍ አልፈልግም። ሰዎች ስለ ጋዝ ቧንቧ ሲከራከሩ ሁሉን ነገር «ቦምብ» ይላሉ፤ እንጀራዬን ከጋዝ የማገኝ በመሆኔ ይሆናል፣ ቃሉ ያናድደኛል። ሚቴን የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቢያንስ ነዳጅ ያጥረዋል፣ ቢበዛም አየር ያጥረዋል። ገላጣ ሜዳ ላይ ቢቀጣጠል በአብዛኛው እሳት እንጂ ፍንዳታ አይሆንም። ነገር ግን ደመናው በቧንቧዎች፣ በብረት ምሰሶዎች፣ በደረጃዎችና በግድግዳዎች መካከል ሲገባ ነበልባሉ በእያንዳንዱ እንቅፋት እየታወከ ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነቱም ግፊት ይወልዳል። እንግዲህ ቧንቧና ምሰሶ እንደ ጫካ ተጠቅጥቆ የሚገኝበት ቦታ የት ነው ቢባል፣ የኃይል ማመንጫ ጊቢ ነው። ጋዙ ገላጣ ላይ ምንም የማያደርግ ሆኖ፣ አጥር ተሻግሮ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል ማለት ነው።

ለዚህ ማስረጃው በኮነቲከት ግዛት ሚድልታውን ከተማ ይገኛል። በየካቲት 7 ቀን 2010፣ በእሑድ ቀን፣ ግንባታው ሊጠናቀቅ በተቃረበ 620 ሜጋዋት በሚያመነጭ ክሊን ኢነርጂ በተባለ ጣቢያ ሠራተኞች አዳዲሶቹን የጋዝ ቧንቧዎች ያጸዱ ነበር። ከብየዳ የተረፈ ብረትና ቆሻሻ ወደ ተርባይን እንዳይገባ ቧንቧን በኃይል መንፋት ግዴታ ነው፤ የተነፋው ግን በአየር ወይም በናይትሮጅን ሳይሆን በራሱ በተፈጥሮ ጋዝ ነበር። የተከፈቱት የቧንቧ ጫፎች ከመሬት ብዙም ያልራቁ ሆነው፣ በሕንፃዎቹ መካከል ወደ ጎን ያስተነፍሱ ነበር። የአሜሪካ የኬሚካል አደጋዎች መርማሪ ቦርድ እንዳሰላው በዚያ ቀን ወደ አየር የተለቀቀው ጋዝ 2 ሚሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ነበር፤ ይህ አንድን የአሜሪካ ቤት ከ25 ዓመት በላይ ለማሞቅና ለማብሰል ይበቃል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተቀጣጠለ፤ 6 ሠራተኞች ሞቱ፤ ቢያንስ 50 ቆሰሉ። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ይኸው ቦርድ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት በሰሜን ካሮላይና በአንድ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ ጋዝ ከቧንቧ ሲለቀቅ የደረሰውን የአራት ሰዎች ሞት መርምሮ፣ ጋዝን ሰው ባለበት አትልቀቁ የሚል አስቸኳይ ምክር ያጸደቀው ሚድልታውን ሊፈነዳ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ኮነቲከት በኋላ በጋዝ መንፋትን ከለከለች፤ አገር አቀፍ የአሠራር ደረጃም ወጣ። ዛሬ እኛ ዘንድ አዲስ ቧንቧ ሲጸዳ የሚነፋው አየር ነው፤ አንድም ሠራተኛ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ የተለመደ ነገር ሆኗል።

ይህ ሁሉ አጥር ውስጥ ያለ ነው። አጥሩን የሚሻገረው ነገር ሲሰላ ደግሞ የሚሣለው ክብ ነው። በአሜሪካ ደንብ የአንድ ቧንቧ የጉዳት ክልል እንዲህ ይገኛል፦ የቧንቧው ስፋት በኢንች፣ የግፊቱ ካሬ ሥር፣ እና 0.69 ይባዛሉ፤ የሚወጣው ቁጥር በጫማ የተለካ ራዲየስ ነው። ቀላል ነው፤ እኔ ራሴ በፈረቃ እረፍት ጊዜ በሞባይል ስልኬ አሰላዋለሁ። በኒው ሜክሲኮ ካርልስባድ አጠገብ በነሐሴ 19 ቀን 2000 የፈነዳው ባለ 30 ኢንች ቧንቧ በዚያች ሰዓት የነበረው ግፊት በካሬ ኢንች 675 ፓውንድ ነበር፤ ቀመሩ 538 ጫማ፣ ማለትም 164 ሜትር ያህል ይሰጣል። በወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው የነበሩትና ሕይወታቸው ያለፈው 12 የቤተሰብ አባላትና ወዳጆች ግን ከፈነዳበት ቦታ 675 ጫማ ያህል፣ ማለትም ከ200 ሜትር በላይ ርቀው ነበር። ቀመሩ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ክቡ ሲሣል እርሳሱ የሚቆምበት ቦታና እሳቱ የሚቆምበት ቦታ አንድ እንዳልሆኑ ለማስታወስ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ክርክሮች ሁሉ ረጅሙ ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ቡካናን በምትባል ትንሽ መንደር የተካሄደው ነው። እዚያ ኢንዲያን ፖይንት የተባለው የኑክሌር ማመንጫ ነበር፤ በግቢውም ሁለት የቆዩ የጋዝ ቧንቧዎች ያልፉ ነበር። በመጋቢት 2015 የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ለሦስተኛ፣ 42 ኢንች ስፋት ላለው፣ ማለትም ሕፃን ልጅ ቆሞ ሊሄድበት ለሚችል ቧንቧ ፈቃድ ሰጠ። ቧንቧው ከሪአክተሮቹ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የራቀ ነው። የኑክሌር ደህንነት ስሌት የሚጠይቀው፣ የፍንዳታ ሞገድ ወደ ወሳኝ ሕንፃዎች ሲደርስ ግፊቱ በካሬ ኢንች ከ1 ፓውንድ እንዳይበልጥ ነው። በዚህ ስሌት ርቀት ከሚፈነዳው ነገር ክብደት ኩብ ሥር ጋር ስለሚያድግ፣ አስተማማኙን ርቀት እጥፍ ለማድረግ የሚፈነዳው ነገር ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ሜትር ለወፍራም ኮንክሪት ብዙ ነው። ከውጭ የሚመጣውን መብራት ለሚቀበለው መቀየሪያ ጣቢያና ለተጠባባቂ ጄኔሬተር የሚሆን ነዳጅ ለያዘው ጋን ግን አይደለም፤ እነሱ ለቧንቧው እጅግ ይቀርቡ ነበር። ሪአክተር ከውጭ የሚመጣው መብራት ሲቋረጥና ተጠባባቂ ጄኔሬተሩም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ2011 የጃፓኑ የፉኩሺማ ኑክሌር ማመንጫ ሲቀልጥ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እኔን የሳበኝ ግን ርቀቱ አይደለም፤ ደቂቃው ነው። የማመንጫው ባለቤት ያቀረበውና የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ የተቀበለው ትንተና ቧንቧው ቢሰበር ጋዙ በ3 ደቂቃ ውስጥ በቫልቭ ይዘጋል የሚል ግምት ነበረበት። ቫልቩን የሚዘጋው ግን ማመንጫው አይደለም፤ የሚዘጋው ከአጥሩ ወዲያ፣ በሌላ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ስክሪን የሚያይ አንድ ሰው ነው። በሳን ብሩኖ፣ ካሊፎርኒያ፣ በመስከረም 9 ቀን 2010 ባለ 30 ኢንች ቧንቧ ፈንድቶ 8 ሰዎች ሲሞቱና 38 ቤቶች ሲወድሙ ጋዙን ለማቆም 95 ደቂቃ ፈጅቷል። ያም የጀመረው፣ የሚገርመው፣ ከሳን ብሩኖ ብዙ ኪሎ ሜትር በራቀ የጋዝ ጣቢያ ውስጥ ይካሄድ በነበረ የኤሌክትሪክ ጥገና ነበር፤ መብራቱ ሲታወክ የግፊት መቆጣጠሪያው ተዛባ፤ ግፊቱ ሲወጣም በ1956 የተቀበረና ብየዳው ደካማ የነበረ ቧንቧ አልቻለም። በ3 እና በ95 መካከል ያለው ልዩነት የሒሳብ ስህተት አይደለም። አንደኛው ሰው በጠረጴዛ ላይ የጻፈው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው ደንግጦ፣ ስልክ ይዞ፣ የትኛው ቫልቭ እንደሆነ እየጠየቀ ያሳለፈው ነው።

በየካቲት 2020 የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት የቧንቧው ትንተና ጉድለት እንደነበረበት ገለጸ። ከዚያ የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድንም በሚያዝያ ወር፣ አንዳንዶቹ ግምቶች ከእውነታው ይልቅ ለተስፋ ያደሉ እንደነበሩ አምኖ፣ ማመንጫው ግን ደህንነቱ የተጠበቀ ነው ሲል ደመደመ። ሁለቱንም ወገን አንብቤ ያደረብኝ ስሜት፣ መደምደሚያው ትክክል ሳይሆን አይቀርም፣ የተደረሰበት መንገድ ግን የሚያሳፍር ነው የሚል ነው። ክርክሩ ሳይቋጭ ማመንጫው ተዘጋ፤ አንዱ ሪአክተር በሚያዝያ 30 ቀን 2020፣ ሌላው ልክ በዓመቱ ቆመ። የጎደለውን ኃይል በአብዛኛው የተካው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋዝ።

ጎረቤት የሚያመጣው ጣጣ ጋዝ ብቻ አለመሆኑን ቆጵሮስ አሳይታለች። ከአንድ መርከብ የተያዙ 98 ኮንቴይነር የጦር መሣሪያና ባሩድ በአንድ የባሕር ኃይል ጦር ሰፈር ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ በሐምሌ 11 ቀን 2011 ንጋት ላይ ፈነዱ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከአጥሩ ወዲያ የነበረውና የደሴቲቱን ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ ያመነጭ የነበረው የቫሲሊኮስ ጣቢያ ፈራረሰ። ቆጵሮሳውያን በዚያ በጋ መብራት በፈረቃ ምን እንደሆነ ተማሩ፤ እኛ ልናስተምራቸው እንችል ነበር። የማመንጫው ሠራተኞች በራሳቸው ግቢ ውስጥ ምን ቢያጠነክሩ ይህን ሊያስቀሩት አይችሉም ነበር፤ አደጋው በእነሱ ጥራዝ ውስጥ የለምና።

አውሮፓውያን ይህን በሕግ ለማረም ሞክረዋል። ሴቬሶ ተብሎ የሚጠራው መመሪያቸው በ2012 በታደሰው ቅጂው አንዱ ተቋም የሌላውን አደጋ ሊያባብስ የሚችልባቸውን ጎረቤታሞች መንግሥት ለይቶ እንዲያውቅ፣ እነሱም መረጃ እንዲለዋወጡ ያስገድዳል። እኔ ካነበብኳቸው የደህንነት ደንቦች ሁሉ ይህን ያህል ወደ ልቤ የቀረበ የለም። ነገር ግን መመሪያው ከተቋማት አጥር ውጭ የሚያልፉትን የማስተላለፊያ ቧንቧዎች አይመለከትም፤ እነሱ በየአገሩ ሕግ የሚዳኙ ናቸው። በቤልጂየም ጊሌንጊየን በሐምሌ 30 ቀን 2004 የፈነዳውና 24 ሰዎችን የገደለው እንዲህ ያለ ቧንቧ ነበር፤ አጠገቡ በሚካሄድ የፋብሪካ ግንባታ በቁፋሮ መሣሪያ ተጭሮ ቆይቶ፣ ግፊቱ ከፍ ሲል ተቀደደ። ከሟቾቹ መካከል የጋዝ መፍሰስ ተነግሯቸው የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይገኙበታል። አጥርና አጥር በሚገናኙበት ቦታ ላይ የተጻፈው ሕግ እንኳ በአጥርና በአጥር መካከል ያለውን መንገድ ረስቶታል።

አገር ቤት ይህ ሁሉ እስከ ቅርብ ጊዜ የሰው አገር ወሬ ነበር፤ መብራታችን ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ ነው፣ የምናውቀው ሥጋትም የግድቡ ውሃ መጉደል ነው። በመስከረም 2018 በእኛ አቆጣጠር ግን በሶማሌ ክልል ካሉብ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ። የምርቃቱን ምስል ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተሰብስበን ስናይ እነሱ ታንኮቹን አደነቁ፤ እኔ ዓይኔን የጣልኩት በዙሪያው ባለው ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ባዶ ሜዳ ለእንዲህ ያለ ተቋም ከብረት ሁሉ የበለጠ መከላከያ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ገና ምንም ሳይሠራበት እጅግ ርካሽ ነው። ነገ ከጋዙ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ አጠገቡ ሲተከል፣ ከዚያም መጋዘን፣ ሻይ ቤት፣ የሠራተኛ መንደር ሲከተል ሜዳው ያልቃል። የትኛው አቅጣጫ የነፋስ መሄጃ ነው፣ የትኛው ማሽን ወዴት ዞሮ ይተነፍሳል የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው ካስማው ሳይመታ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ለአንድ መሐንዲስ ዘመዴ ይህንኑ ጽፌለታለሁ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ደርሰን ቢሆን ጥሩ ነበር» ሲል ሣቀብኝ።

የእኛ ነገር እንዲህ ሆነ። ከዚያች ሌሊት በኋላ በአየር መሳቢያዎቻችን ላይ ያሉት የጋዝ ጠቋሚዎች ተርባይኑን ራሳቸው እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ከዚያ በፊት ደወል ማሰማት ብቻ ነበር ሥራቸው። ከጎረቤቶቻችን ጋርም አንድ ጊዜ ቡና ጠጥተን የስልክ ቁጥር ተለዋወጥን። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ ከሆንኩ፣ ያለ ምንም ምክንያት እደውልላቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይገረሙ ነበር፤ አሁን ድምፄን ያውቁታል። ባለፈው ወር ስደውል አዲስ ሰው አነሳ፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀም፣ ከአጥሩ ወዲህ ማመንጫ እንዳለም ገና አልተነገረውም ነበር። ስሜን ፊደል በፊደል አስጻፍኩትና፣ የእኛን ቁጥር ከፊቱ ባለው ግድግዳ ላይ እስኪለጥፈው ድረስ ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅሁ።